የባህር ዳርቻ መንደር የቀዘፋ ክለብ ስትገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኮትላንድ ውስጥ በፎርዝ ባህረ ሰላጤ ዳር የምትኖሩ ከሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ደማቅ ቀለም የተቀባች የእንጨት ጀልባ ወደ ውሃ ሲገፉ ሳታዩ አልቀራችሁም። አራት ሰዎች ይቀዝፋሉ። አምስተኛው ከኋላ ተቀምጦ የጀልባዋን አቅጣጫ ይመራል፤ ከዚህ በታች «መሪ» የምለው እሱን ነው። ጀልባዋ ሴንት ኤይልስ ስኪፍ ትባላለች። ርዝመቷ 6.7 ሜትር ገደማ ነው። ንድፏን ያወጣው ኢያን ኦትሬድ ነው። ሐሳቡን ያስጀመረው ደግሞ አንስትራዘር ከተማ ያለው የስኮትላንድ የዓሣ ማስገር ሙዚየም ነው። የመጀመሪያዋ ጀልባ ውሃ የነካችው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ በ2013 ስኮትላንድ ውስጥ ባለችው አለፑል ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። በ2016 ሰሜን አየርላንድ፣ በ2019 ደግሞ የስኮትላንዷ ስትራንራር አስተናገዱት።

በእነዚህ ጥቂት ዓመታት እንዲህ የተስፋፋችው ያለ ምክንያት አይደለም። ልኩ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጣውላ ይመጣል። የመንደሩ ሰው ጋራዥ ወይም አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ራሱ ይገጣጥማታል፣ ያጣብቃታል፣ ቀለም ይቀባታል። ጡረታ የወጣው አናጢ፣ ነርሷ፣ አስተማሪው፣ ተማሪው ሁሉም እጁን ያሳርፍባታል። ስለዚህ ክለቡ ከጂም በጣም ይለያል። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመረዳት ነው። በተለይ በትናንሽ የባህር ዳር ከተሞች ለምንኖር ሀበሾች ጎረቤት ለማግኘት ከዚህ የተሻለ በር አላየሁም። ስለዚህ በሩ ላይ እንዳትሰናከሉ እፈልጋለሁ።

«ለኔ አይሆንም» ብሎ መቅረት

ዕድሜዬ ሄዷል፣ ጉልበት የለኝም፣ ከባህር ጋር አላደግሁም። እነዚህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ስለ ዕድሜ ከሆነ፣ በውድድሮቹ ላይ ከ40 በላይ፣ ከ50 በላይና ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች የተለየ ምድብ አለ። ስለ ጉልበት ከሆነ፣ ጀልባዋን የሚያስኬዳት አራቱ ሰዎች አብረው መሳባቸው ነው። ዋና አለመቻል ግን ከሁለቱ ይለያል፤ ቁም ነገር ነው። አፍራችሁ አትደብቁት። ከመውጣታችሁ በፊት ለክለቡም ለመሪውም ንገሩ። ምን እንደሚፈቀድና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይነግሯችኋል። ጎን ለጎን በከተማው መዋኛ ትምህርት ብትጀምሩ ደግሞ ደስ ይለኛል።

በክንድ መጎተት

አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው። መቅዘፊያውን አንቆ ይይዝና በክንዱ ይጎትታል። ትንሽ ቆይቶ ክንዱ ይዝላል፣ መዳፉም ውሃ ይቋጥራል። የዚህች ጀልባ መቀመጫ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ኃይሉ የሚመጣው እግር መርገጫውን ሲገፋና ጀርባ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ነው። ክንድ የሚታጠፈው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ጣቶቻችሁን ላላ አድርጉ። ጓንት ብዙ አይረዳም፣ ቆዳው ከጊዜ ጋር ይጠነክራል።

የራስን መቅዘፊያ እያዩ መቅዘፍ

ይህ ከሁሉም በላይ ጀልባ ያበላሻል። ቀዛፊ ፊቱ ወደ ኋላ ነው፤ የሚሄድበትን አያይም። የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ነው። ወደ ጀልባዋ ኋላ ተጠግቶ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ቀዛፊ ምቱን ይሰጣል። የቀሩት ሦስቱ እሱን ይከተላሉ። እሱ ሲያጎነብስ ያጎነብሳሉ፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ሲከት ይከታሉ።

አዲስ ሰው ግን አንገቱን ጠምዝዞ የራሱን መቅዘፊያ ጫፍ ያያል። ገባ ወይስ አልገባም? ጠለቀ ወይስ አልጠለቀም? አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲዞር ሚዛን ይሄዳል። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ በሌላው ጎን ያሉት መቅዘፊያቸው አየር ይመታል። ዓይን ወደ ራስ ሲመለስ ደግሞ ምቱ ይጠፋል። ግማሽ ሰከንድ የዘገየ መቅዘፊያ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው መቅዘፊያ ይመታል።

መፍትሔው ከፊታችሁ ያለው ሰው ትከሻ ላይ ማፍጠጥ ነው። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ መግባቱን እጃችሁ ይነግራችኋል። ጆሮም ይረዳል። አራቱም በአንድ ላይ ሲገቡ አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ከተበተኑ ግን የተንጠባጠበ ድምፅ ትሰማላችሁ። ጥሩ መሪዎች አንዳንዴ ረጋ ባለ ውሃ ላይ ዓይን አስጨፍነው ያስቀዝፋሉ። ቢሏችሁ እሺ በሉ። ብዙ ሰው ምቱን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

የጠንካራ ሰው ጥፋት የሚታየውም እዚህ ጋ ነው። ወጣት፣ ጉልበተኛ፣ እግር ኳስ የሚጫወት ልጅ ይመጣና ከሌሎቹ በላይ ይስባል። ጀልባዋ ትጠማዘዛለች፣ መሪው ለማቃናት ይታገላል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ትርፍ ጉልበት ያለው ሰው ምቱን ሳያፋጥን ከሌሎቹ ጋር መመጣጠን አለበት።

ከተያዘ መቅዘፊያ ጋር መታገል

ማዕበል ሲመጣ ወይም መቅዘፊያው በጣም ሲጠልቅ ውሃው ይይዘዋል። እጀታው ወደ ደረታችሁ በኃይል ይመጣል። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። አትታገሉት። ጎንበስ በሉና እጀታውን ከራሳችሁ በላይ አሳልፉት፣ ለመሪው ጮክ ብላችሁ ንገሩ፤ ጀልባዋ ትቆማለች። ይቅርታ እያሉ መጨነቅ አያስፈልግም።

ለአየሩ ለብሶ ለውሃው አለመልበስ

ፀሐይ ወጥታለች ብሎ በጂንስና በቲሸርት የሚመጣ አለ። ጂንስ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጥጥ ሹራብም እንደዚያው። ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ደራርቡ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት፣ እግራችሁ ላይ ሊረጥብ የሚችል ጫማ።

ግን ስለ ምቾት ብቻ አይደለም የማወራው። በፎርዝ ዳርቻ ውሃው ኦገስት ላይ እንኳ ከ15 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በታች ያለ ውሃ ደግሞ ሰውነትን ያስደነግጣል። ድንገት የገባ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን በኃይል ይስባል። አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ልቡ በፍጥነት ይመታል። ጎበዝ ዋናተኞችም የሚሞቱት በዚህ ነው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ 90 ሰከንድ ሳይሞላ ይበርዳል። ከ1824 ጀምሮ በእነዚህ ዳርቻዎች ነፍስ የሚያድነው አር.ኤን.ኤል.አይ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚመክረው እንዲህ ነው፦ ለመዋኘት አትሞክሩ፤ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ተንሳፈፉ። ትንፋሽ ሲረጋ ነው ቀጣዩ ነገር የሚታሰበው።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ለዚህ ነው። የሚሠራው ግን በደንብ ከታሰረ ብቻ ነው። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው እሱንም እሰሩት፤ አለበለዚያ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና እናንተ ከታች ትቀራላችሁ። በራሱ የሚነፋውን ዓይነት ለብሳችሁ ከላዩ ኮት አትደርቡ። ሲነፋ ደረታችሁን ያስጨንቃል። ዳር ላይ ሆናችሁ ባህር ውስጥ የተቸገረ ሰው ካያችሁ ደግሞ 999 ደውሉና «ኮስትጋርድ» (የባህር ዳርቻ ጥበቃ) በሉ። ዘላችሁ አትግቡ።

ሰማዩን ብቻ አይቶ መውጣት

«ዛሬ እኮ ቀኑ ቆንጆ ነው፣ ለምን አንወጣም?» የሚል አዲስ አባል ሁሌ አለ። ሰማይ ጥቂት ነው የሚናገረው። ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ወደቡ አካባቢ ውሃው መስታወት ይመስላል። ራቅ ሲሉ ነፋሱ ይበረታል፣ መመለሻው ደግሞ ፊት ለፊት እሱን እየገፉ ነው። መሪው አንወጣም ካለ አበቃ፤ አትከራከሩ።

የባህሩ ሙላትና ጉድለትም አለ። በሙሉውና በጎደለው ባህር መካከል ስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ውሃው በጣም የሚሮጠው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ነው። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይሰፋል። ፎርዝ ላይ ያኔ አምስት ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዳንድ ትናንሽ ወደቦች ባህሩ ሲጎድል ጭቃ ብቻ ይቀራሉ። ሰዓት ያሳለፈ ቡድን ጀልባውን የሚያስገባበት ውሃ ያጣል።

ስለ ሰዓት ሁለት ነገር ልብ በሉ። የታተመ የሙላት ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ሁለተኛው የኛው ነው። ከጓደኛችሁ ጋር በአማርኛ «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ከተባባላችሁ የጠዋቱ ዘጠኝ በፈረንጅ መሆኑን አረጋግጡ። ባህሩ አይጠብቅም፣ አራት ሰው ሳይሟላም ጀልባዋ አትወጣም።

በጾም ሆድ ዝም ብሎ መውጣት

ሁዳዴን ወይም ፍልሰታን የምትጾሙ፣ ወይም ረመዳን የያዛችሁ፣ በባዶ ሆድ ሳትናገሩ ረጅም ቀዘፋ አትውጡ። መሐል ባህር ላይ ራስ ቢዞር ሸክሙ የሌሎቹ ነው። ለመሪው ብትነግሩ አጭር ጉዞ ላይ ያስገባችኋል፣ ወይም የመሪነት ተራ ይሰጣችኋል። መሪ ተቀምጦ ነው የሚመራው፣ ቀስ ብሎ መማርም ይቻላል።

ጀልባ ውስጥ ማስተማር

በጀልባ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የመሪው። «ኢዚ ኦል» ሲል መቅዘፍ ይቆማል። «ሆልድ ዎተር» ሲል መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ያቆማል። ሁለተኛውን የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት አንድ ነገር ሲመጣ ነው፤ ለምን ብሎ ዘወር ማለት ጊዜ ያጠፋል። ስለ ጓደኛችሁ አቀዛዘፍ የምትሉት ካለ ወደብ ላይ ይደርሳል።

ቀዝፎ ወደ ቤት መሮጥ

ብዙ ሰው የክለቡን ግማሽ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። የጀልባዋ ባዶ ቀፎ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጋሪዋ ላይ ለመጫንና ዳገቱን ለመግፋት ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ በንጹህ ውሃ ትታጠባለች፤ ጨው ብረቱንም ቫርኒሹንም ይበላል። መቅዘፊያዎች ይቆጠራሉ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ይሰቀላሉ። ከዚያ ሻይና ኬክ አለ። የመንደሩ ወሬ፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ የሚከራይ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ክረምቱ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ጀልባዋ ተገልብጣ ጋራዥ ውስጥ ትገባለች። ሰው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋታል፣ የተላጠውን ቦታ ይቀባል፣ የተሰነጠቀ መቅዘፊያ ይጠግናል። ሥራው ደቦ ነው ብላችሁ አስቡት፤ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራው ያገኛል። መቅዘፍ የሚያስፈራችሁ እንኳ ብትሆኑ በዚህ በኩል መግባት ትችላላችሁ። ጀልባዋን የጠገነ ሰው ሲወጣባት የትኛው ጣውላ ደካማ እንደሆነ ያውቃል፣ የት እንደሚረግጥም አይጠፋውም። እንግሊዝኛው ገና የሚያስቸግረው ሰውም ከባህሩ ይልቅ ጋራዡ ውስጥ ይቀለዋል፤ የሚሠራውን በእጅ ያሳዩታል።

ስለዚህ ክለቡን የምታነጋግሩት በኖቬምበር ቢሆን አትዘግዩም። ጋራዡ በየትኛው ምሽት እንደሚከፈት ጠይቁ፣ ቀለም ቢነካው የማይቆጫችሁን ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ። ዳቦ ጋግራችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከኬኩ በፊት ያልቃል።