ምርጫ ሲደርስ በሬስቶራንታችሁ ምን ይደረግ፣ ምን ይቅር

በአሜሪካ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሬስቶራንት ወይም ካፌ ያላችሁ ሰዎች፣ ደንበኞቻችሁ ተመዝግበው ድምፅ እንዲሰጡ ማበረታታት ትችላላችሁ። ጣጣው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከግብዣው ነው።

«ድምፅ ሰጥቻለሁ» የሚል ስቲከር ለለጠፈ ሰው ማኪያቶ በነጻ መስጠት ደግነት ይመስላል። የፌዴራል እጩዎች በሚቀርቡበት ምርጫ ግን ሰው እንዲመዘገብ ወይም እንዲመርጥ ክፍያ ማቅረብ እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ያስቀጣል። ለማንም እጩ አለመወገናችሁ አያድናችሁም። ስታርባክስ እንኳ በ2008 እ.ኤ.አ. ለመራጮች ነጻ ቡና ብሎ ካስታወቀ በኋላ ሕጉ ሲነሳበት «ለጠየቀ ሁሉ» ብሎ አስተካክሎታል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ስቲከር ያለውም የሌለውም ይጠጣ። ማስታወቂያው ላይ «ለመራጮች» የሚል ቃል አይግባ። ካሸሯም «መርጠሃል?» ብላ እንዳትጠይቅ ቀደም ብላችሁ ንገሯት።

የተሞላ የምዝገባ ፎርም ከደንበኛ አትቀበሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የተቀበለ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ማድረስ አለበት። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አንድ ፎርም ማለት በምርጫው ቀን ስሙ መዝገብ ላይ የማይገኝ ደንበኛ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ወደ አሜሪካ መንግሥት የመራጮች ምዝገባ ድረ ገጽ፣ ወደ ቮት ዶት ጎቭ (vote.gov)፣ የሚወስድ ኪው አር ኮድ ለጥፉ፤ አማርኛም አለው። ኮዱ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ጎኑ 5 ሳንቲሜትር ይበቃዋል፤ ከ2 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ግን 20 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። የሚያንጸባርቅ ፕላስቲክ ካለበሳችሁት መብራቱ ስልኩን ያስቸግረዋል። በነጻ ኮድ ከሚሠሩ ድረ ገጾች አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው ሊንክ በኩል ስለሚያዞሩት የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሥራ ያቆማል፤ አድራሻውን በቀጥታ የሚያስገባውን ምረጡ።

ከኮዱ በላይ በትልቁ ይጻፍ፦ «የአሜሪካ ዜግነት ከሌለዎት አይመዝገቡ።» ይህን መስመር በፍጹም አትተዉት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስህተት ቢመዘገብ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽ፣ ከሀገር እስከ መባረርም ሊደርስ ይችላል። የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ ይህ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። «እኔስ እችላለሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ አስተናጋጆች መልስ አይስጡ፤ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ይላኩት።

ቤቱ ሞልቶ የሚውለው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነውና ማስታወቂያውን ያኔ ስቀሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ቅድመ ምዝገባ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ወረቀት አንሱና በምርጫ ጣቢያ በዕለቱም መመዝገብ እንደሚቻል፣ ለዚህም የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ስቀሉ።

እጩ አዳራሽ ከጠየቃችሁ ሌላውን የምታስከፍሉትን ዋጋ አስከፍሉና ደረሰኝ ስጡ። ኮርፖሬሽን ለፌዴራል እጩ መዋጮ መስጠት ክልክል ነው፤ የነጻ አዳራሽና የነጻ ክትፎም እንደ መዋጮ ሊቆጠር ይችላል። 

ሠራተኞቻችሁንም አትርሱ። በሜሪላንድ በምርጫው ቀን የምርጫ ጣቢያው ክፍት በሆነበት ሰዓት 2 ተከታታይ ሰዓት ነጻ ጊዜ የሌለው ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ወጥቶ መምረጥ ይችላል። የዚያን ሳምንት ሺፍት ስታወጡ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሰው እንዳይጎድልባችሁ ማን መቼ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጻፉ።