ሁለት ጾም በአንድ ደረጃ፦ የወዳጅነት ልብ ወለድ አጻጻፍ

ስለ ጓደኝነትና ስለ እምነት ልብ ወለድ መጻፍ ለምትፈልጉ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርያቱን ከመፍጠራችሁ በፊት ዓመቱን ምረጡ። አጽዋማትና በዓላት የተጻፉበትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውርዱና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ጫፍ። በኮንዶሚኒየሙ አንድ ደረጃ ከምንወጣና ከምንወርድ ጎረቤታሞች ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ብዙ ነው፤ የምጽፋቸው ታሪኮችም ከዚሁ ደረጃ ይነሣሉ። እዚህ ማን ከማን ጋር መቼ አብሮ እንደሚበላ የሚወስነው ያ ቀን መቁጠሪያ ነው።

ፍልሰታ ምንጊዜም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ከዝናብ አይወጣም። ዓቢይ ጾም ከፋሲካ ጋር ከፍ ዝቅ ቢልም ከበጋው ማብቂያ ብዙ አይርቅም። ረመዳን ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከክረምት ወደ ጸደይ፣ ከጸደይ ወደ በጋ እያለ ወደ ጀመረበት ለመመለስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በልጅነታቸው የተዋወቁ ሁለት ሴቶችን እስከ ጉልምስና ለመከተል ያሰበ ደራሲ የታሪኩን ርዝመት በዚህ ዙር ሊለካ ይችላል።

ሁለት ዓመታት ላሳያችሁ። በ2004 ዓ.ም. ረመዳን ሐምሌ ላይ ገብቶ ነሐሴ ውስጥ ከፍልሰታ ጋር ተገናኘ፤ ዒድ አል ፈጥርም ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ ዕለት ዋለ። በአንድ ግቢ አንዱ ልጅ አዲስ ልብሱን ለብሶ ከአባቱ ጋር ወደ ሰላት ሲወጣ ሌላው ጅራፉን ያጮሃል። ደራሲ ከራሱ ቢፈጥረው ኖሮ አንባቢ «አበዛው» ይል ነበር፤ ቀን መቁጠሪያው ሲሰጣችሁ ግን ሳታመነቱ ተቀበሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዓቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17፣ ረመዳን ቅዳሜ የካቲት 22 ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት ጭቃና ብርድ አለ፤ በሁለተኛው አቧራና ጥም።

ወቅቱን በሰማይ ላይ ሳይሆን በሰው አካል ላይ ጻፉት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጾመኛዋ ላይ ቀኑ ስለረዘመ አይከብዳትም፤ የሚከብዳት ፀሐዩ፣ ውኃ ጭኖ ደረጃ መውጣቱ፣ የየካቲት ነፋስ በጉሮሮዋ የሚተወው አቧራ ነው። በክረምት ጥሙ ቀለል ይላል፤ ረኃቡ ግን ከብርዱ ጋር ይብሳል። የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። ሐምሌ ላይ ቦቲ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ጥር ላይ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ያስገባል። ጓደኛዋን ለመጠየቅ የምትሄድ ሴት ጫማዋን በር ላይ ስታራግፍ ካሳያችሁ «ጊዜው ክረምት ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መሰረዝ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ይህ ነው። ገጸ ባሕርያቱን አስካለና ከድጃ እንበላቸው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የሁለቱን ፍቅር ለማሳየት ወደ በዓል ይሮጣሉ፤ ፋሲካና ዒድ፣ ሞቅ ያለ ቤት። ነገር ግን በዓል ማለት ሥጋ ነው፤ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ደግሞ አይቀላቀልም። አስካለ ከድጃን ለፋሲካ ስትጠራ ዶሮውን የሚያርድላት ሙስሊም መፈለግ፣ ድስቱንና ቢላዋውን መለየት አለባት፤ አለዚያ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ታቀርባለች። ጾም ሲገባ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀራል። የአስካለ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከድጃ ሳትጠይቅ የምትበላው ነው። የካቲት 2017 ማታ፣ አዛን ካለ በኋላ፣ ሁለቱም ቀኑን ጾመው በአንድ ትሪ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ቴምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮ። የከድጃ ሾርባ ሥጋ ካለው ለአስካለ በትንሿ ድስት ያለ ሥጋ ይሠራል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነቱ ወዳጅነት ልብ ያለው እዚህ ማዕድ ላይ ነው፤ ታሪኩንም ከዚህ ብትጀምሩት እመርጣለሁ።

ከዚያ ጥቃቅኑን ተከታተሉ። ረመዳን ላይ አስካለ ቡናዋን በቀን ትቆላለች ወይስ እስከ ማታ ታቆየዋለች? በእኛ ደረጃ የቡና ጭስ በሩን ሁሉ ይዳስሳል። ዒድ ሲደርስ አስካለ ገና ዓቢይ ጾም ላይ ናት፤ ከድጃ በራሷ በዓል የጾም ወጥ ሠርታ ትጠብቃታለች? ጎረቤቴ ለእኔ ታደርገዋለች፤ ምስሩን ለብቻ አብስላ፣ ክዳኑን አሽጋ። ስለ እምነት አንድም ቃል ሳትናገር። እናንተም ገጸ ባሕርያታችሁን ስለ ሃይማኖት አታከራክሩ። አንዷ «በማርያም»፣ ሌላዋ «ወላሂ» ትበል፤ «እንኳን አደረሰሽ» ይባባሉ፤ ይበቃል።

ጸባቸውን በሃይማኖት አታስነሡት። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጓደኛሞች የሚጣሉት በዕቁብ ገንዘብ፣ በልጆች ድብድብ፣ ለቅሶ በመቅረት ነው። በዳር ሰፈሮች ያሉ ብዙዎች ከመሀል ከተማ ተነሥተው የመጡ ስለሆኑ የድሮ ዕድራቸው ሩቅ ነው፤ የአዲሱ ሰፈር ሐዘን ላይ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው ይቆጠራል። ኩርፊያው ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ሲታጨድ ይጀምር። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ገልጣችሁ የሚቀጥለውን ጾም ፈልጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የታሪኩ መካከለኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው የጾም ማታ ሲመጣ ማን በር እንደሚያንኳኳ አስቀድማችሁ አትወስኑ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰዎች አንብቡት፤ አንዷ ዓቢይ ጾምን የምትጾም፣ አንዷ ረመዳንን። «ወደድሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ። እያንዳንዱ ማዕድ ላይ ቆም እያላችሁ «አንቺ ብትሆኚ ይህን ትበዪ ነበር? ይህን ታቀርቢላት ነበር?» በሉ፤ «አይ» ባሉበት ቦታ ምልክት አድርጉና ቀኑን ከቀን መቁጠሪያው ጋር እንደገና አመሳክሩ።