በርሜሉ ያለ ጊዜው ባዶ ሲሆን፦ የአጋዘን መመገቢያና ራኩን

ቴክሳስ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው የአደን መሬት ላይ አምስት የአጋዘን መመገቢያ በእጄ ሠርቻለሁ። መመገቢያ የምለው እግር ላይ የቆመ የበቆሎ በርሜል ነው፣ ከሥሩ በታይመር የሚነሳ ሞተር ሳህን እያዞረ በቆሎውን ለአጋዘን ይበትናል። ለሰው የጠገንኩትን መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ባትሪ ቻርጅ አድርጉ፣ የታይመሩን ሰዓት አስተካክሉ ብዬ አልጀምርም። እሱን አይታችሁት ነው እዚህ የደረሳችሁት።

በቆሎው ቶሎ ያልቃል

የሚደውልልኝ ሁሉ የሚያነሳው ይሄንን ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። በ200 ሊትር በርሜል ስድስት ባለ 50 ፓውንድ ከረጢት ስትገለብጡ 136 ኪሎ በቆሎ ነው። የኔ ሞተር 5 ሰከንድ ሲዞር አንድ ኪሎ ገደማ ይበትናል፣ ሸራ አንጥፌ መዝኜዋለሁ። ጠዋትና ማታ ሲሠራ በቀን 2 ኪሎ። ከሁለት ወር በላይ መቆየት ነበረበት።

የመጀመሪያው በርሜሌ በ19 ቀን አለቀ። ታይመሩን ጠርጥሬ አዲስ ገዛሁ፣ ያው ሆነ። ሞተር ቀየርኩ፣ ያው። በመጨረሻ ዛፍ ላይ ካሜራ አሰርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ራኩን (ሌሊት የምትወጣ፣ ዛፍ የምትወጣ፣ ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያለባት የአሜሪካ አውሬ) በኋላ እግሮቿ የበርሜሉን እግር አንቃ ይዛ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ መበተኛውን ሳህን እንደ ወፍጮ በእጇ ታዞረዋለች። ከሥር አራት ልጆቿ ይለቅማሉ። እኔ ለታይመር ብር ሳወጣ ሞተሩ እሷ ነበረች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳህኑ በነፃ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ከላይ በቆሎ ይወርዳል። ራኩን የፊት እግሩ አምስት ጣት ያለው እጅ ነው ማለት ይቻላል፣ በጨለማ ዳብሶ ያገኛል። ምንም መስበር አይጠበቅበትም። አገር ቤት ዝንጀሮን ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እናባርር ነበር፣ ቢያንስ ዝንጀሮ በቀን ነው የሚመጣው።

መፍትሄው ሞተሩንና ሳህኑን በሽቦ ቀፎ መክበብ ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚሁ ላይ ነው። ሽቦው ከሳህኑ ጫፍ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቀረብ ካለ ክንዱን ሰዶ ያዞረዋል። የዶሮ ሽቦ የሚባለውን ስስ ነገር ተዉት፣ በአንድ ሌሊት ቦጫጭቀው ነው የሚያድሩት። በብየዳ የተያያዘ ወፍራም ሽቦ ግዙ። እኔ ቀዳዳው 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነው የምጠቀመው። ከዚህ ከጠበበ የተወረወረው በቆሎ ሽቦውን እየመታ እዚያው ይወድቅና ክምር ይሆናል፣ ሌባ በደብዳቤ እንደመጥራት ነው። ከሰፋ ደግሞ ግልገሎቹ ይገባሉ። ከሥርም ዝጉት! ዙሪያውን አሳምሮ ሠርቶ ሥሩን ክፍት የተወ ሰው አውቃለሁ፣ ራኩኑ መሬት ቆሞ ነበር የሚያዞርለት። ሌላው ጓደኛዬ ቀፎውን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረው፤ ነግሬው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ቀፎው መሬት ላይ ተገኘ። ቡሎን፣ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ ብቻ።

እግሮቹን በግራሶ መቀባት? እኔም ሞክሬዋለሁ። ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ አቧራ ይይዝና ጥሩ መወጣጫ ይሆናል። ይልቅ እያንዳንዱን እግር አንድ ሜትር በሚሆን ሰፊ የላሜራ ቱቦ አልብሱት። ጥብቅ አይሁን፣ ሲይዙት ይዙር። ያቺው ራኩን ሦስት ሌሊት ሞክራ ስትንሸራተት የሚያሳይ ፎቶ አለኝ፣ ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል። ዛፍ አጠገብ ከተከላችሁት ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከቅርንጫፍ ክዳኑ ላይ ይወርዳሉ። እኔ ሦስት ሜትር አርቄ ነው የምተክለው።

ክዳኑንም በድንጋይ ተጭኖ መሄድ የለም። በቡሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት አድርጉለት።

ክዳኑ ላይ ኩስ አለ

በባዶ እጅ እንዳትነኩት። ይሄን ቀልድ አታድርጉት። የራኩን ኩስ ውስጥ የክብ ትል እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ ሰው ሆድ ከገባ ትሉ እስከ አንጎልና ዓይን ድረስ ይሄዳል። በረኪና አይገድለውም፣ የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ አንሱት፣ ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በርሜሉ ሥር አፈር እንዳይጫወቱ። በቀን ብርሃን እየተንገዳገደ የሚመጣ ራኩን ካያችሁ ደግሞ አትጠጉት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛቸዋል።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይዞርም

ውሃ ገብቶ በቆሎው አብጧል። አውጥታችሁ ጣሉት፣ እዚያው መሬት ላይ ግን አትበትኑት። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ለዱር ቱርክና ለሌላም ወፍ መርዝ ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ አቧራና ስባሪ የሞላበት ከረጢትም አትግዙ፣ ማውረጃውን፣ በቆሎው ከበርሜሉ ወደ ሳህኑ የሚወርድበትን ቀዳዳ፣ የሚደፍነው እሱ ነው።

ሞተሩ ሳይሠራ ሳህኑ ሥር ክምር አለ፣ ካሜራው ላይ ግን ማንም የለም

ሳህኑና ማውረጃው መሀል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር አጥቡት፣ አለዚያ ነፋሱ ራሱ ያወርደዋል።

በርሜሉ ወድቋል

የዱር አሳማ ነው። እግሮቹን በፌሮ መሬት ላይ ቸክሉ። ዙሪያውን 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አጥር ብትሠሩለት አጋዘኑ ይዘለዋል፣ አሳማው አይዘልም።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ይሄን አንብባችሁ በርሜል ለመግዛት አትሩጡ። ቴክሳስ በግል መሬት ላይ ስለሚፈቅድ ነው የምንሠራው። እናንተ ጋ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ አጋዘን መመገብ ክልክል ነው፣ በቆሎ በትኖ ማደን ደግሞ ጭራሽ።