ለአገር ቤቱ ቤት ስንት ሽንት ቤት ይበቃል?

ለገጣፎ ያሠራሁት ቤት 3 መኝታ ቤት አለው። ሽንት ቤቱ ግን 5 ነው። አራቱ ዋናው ቤት ውስጥ፣ አንዱ ጓሮ ሰርቪሱ ጋ። ፕላኑን ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ ሳየው ምንም አልመሰለኝም። እዚህ የለመድነው እንደዚያ ነዋ፤ ማስተሩ (ዋናው መኝታ ቤት) የራሱ፣ ልጆቹ የራሳቸው፣ እንግዳው የራሱ። ቤቱ አልቆ ለገና ስገባ እናቴ አራቱንም ትታ ጓሮ ሄዳ የሠራተኛዋን ሽንት ቤት ትጠቀማለች። ምነው ብላት፣ "ልጄ፣ ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው። የታችኛው ደግሞ ሳሎን ሰው ተቀምጦ እንዴት ብዬ እገባለሁ?" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። የእንግዳው ሽንት ቤት በር የሚከፈተው ልክ ከሶፋው ፊት ለፊት ነው። ሻወርም የለውም።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ፕላን ሲልኩልኝ ቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። እዚያ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ማነው? እናንተማ በዓመት ሦስት ሳምንት ናችሁ፤ እሱም ከተሳካ።

የኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ከ100 እስከ 150 ካሬ የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ያለው ቤት ውስጡ 2 ይበቃዋል፤ ሰርቪሱ ጋ 1 ይጨመርለት። ከውስጦቹ አንዱ የግድ ምድር ላይ ይሁን፤ ሻወር ያለው፣ በሩ ወደ ኮሪደር እንጂ ወደ ሳሎን የማይከፈት። ሽማግሌ የሚኖርበት ቤት ከሆነ የበሩን ስፋት 80 ሳንቲም አድርጉት፤ ወደ ውጭ ይከፈት። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ይዞ እንዳይቀር ነው። ወለሉ ሴራሚክ የማያዳልጥ ይሁን። አብረቅራቂው ሱቅ ውስጥ ነው የሚያምረው።

የሰርቪሱን አትዝለሉት። ሠራተኛዋና ዘበኛው የሚታጠቡበት እሱ ነው። ለቅሶም ሆነ ድግስ ሲኖር ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። ብዙዎቻችን ማስተሩን በጣሊያን ዕቃ አስጊጠን ሰርቪሱን በር እንኳን በደንብ የማይዘጋ እናደርገዋለን። ያሳፍራል።

ሲበዛስ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። አንዷ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ከነግድግዳዋ 4 ካሬ ተኩል ገደማ ትወስዳለች። አራት ሲሆኑ 18 ካሬ ነው። ይኼ አንድ ጥሩ መኝታ ቤት ከነቁም ሣጥኑ ማለት ነው።

ዋናው ግን ውሃው ነው። ሽንት ቤት ስለበዛ ሰው ደጋግሞ አይሄድም፤ እሱ ልክ ነው። የሚያንጠባጥበው ቦታ ግን ይበዛል። ስድስት ሰው በቀን አምስት አምስቴ ቢያፈስ፣ በ6 ሊትር ሲሰላ 180 ሊትር ነው። ለመታጠቢያና ለማጠቢያ ለሰው 50 ሊትር ብትጨምሩ 480 ይሆናል። 2,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን አካባቢ ያቆያል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኼ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። አሁን አንዱ ሽንት ቤት ላይ ውሃውን የሚይዘው ጎማ ላላ እንበል። ሰው የማይገባበት ስለሆነ ድምፁን የሚሰማ የለም። ሮቶው ሌሊቱን ባዶ ያድራል። እኛ ቤት ሁለቴ ሆኗል። የለገዳዲ ግድብ ከሰፈራችን እምብዛም አይርቅም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ፣ እኛን አይተው ነው መሰለኝ።

ስለዚህ የማትጠቀሙበትን ሽንት ቤት ለብቻው የሚዘጋ የውሃ መዝጊያ አስገቡለት። ርካሽ ነው። በኋላ ሴራሚክ ሰብሮ ማስገባት ግን ርካሽ አይደለም።

ቦታውን ስትመርጡ መታጠቢያ ቤቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ፣ ከተቻለም ከኩሽና ጋር ጀርባ ለጀርባ አድርጉ። ቧንቧው ያጥራል፤ ብልሽት ሲመጣም የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። የሽንት ቤቱ ቧንቧ 110 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲም ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ይኼን ከውጭ ሆናችሁ በዓይን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የወከላችሁትን ሰው ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ቪዲዮ አስደውሉት። ውሃ ልኩን ቧንቧው ላይ ያስቀምጥ፤ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ቧንቧ ፎቶ ያንሳ። ፎቶዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጧቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ መስተዋት ሊሰቅል የሚበሳው ሰው ያመሰግናችኋል።

ሌላም አለ። የመታጠቢያውን ወለል መውረጃ ደፍኖ ውሃ ሞልቶ 24 ሰዓት ማቆየት ነው። ከሥር ያለው ኮርኒስ ካልረጠበ ሴራሚኩ ይቀጥል። "ጋሼ፣ ችግር የለውም፣ እኔ አውቀዋለሁ" የሚል ቧንቧ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ችግር አለው።

ሴፕቲክ ታንኩን ከረሳሁት ደግሞ እናቴ አትምረኝም። ክዳኑ ያለበትን ቦታ፣ ሲሞላ የሚመጥጠው መኪና ቱቦውን ዘርግቶ የሚደርስበት አድርጉት፤ ከግቢው በር ያለውን ርቀትም በሜትር ጻፉት። የኛን ክዳን ግቢውን ያነጠፈው ሰው ንጣፍ ሠርቶበት ሄደ። ታንኩ ሲሞላ ሦስት ቦታ ሰብረን ነው ያገኘነው፤ ያውም በፋሲካ ሳምንት።

ላይኛውን ፎቅ አንድ ቀን አከራያለሁ የምትሉ ቧንቧውን አሁን አስቀብሩና ጫፉን አስደፍኑት። ዕቃው ተከራይ ሲመጣ ይገጠማል። ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ግን ሁለተኛ ለመጨመር ግድግዳ አታስፈርሱ። ከሥር ጎረቤት አለ።

እንደኔ አንዴ የሠራችሁትስ? አላስፈርስም ብላችሁ ከተዋችሁት ሽታ ይመጣል። ወለሉ ላይ ባለው መውረጃ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይተኛል፤ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው እሱ ነው። ሰው ካልታጠበበት ያ ውሃ ይደርቃል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይኛውን ፎቅ ስከፍተው አይጥ የሞተበት ነበር የመሰለኝ። መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ መውረጃው ላይ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስና ሽንት ቤቱን አንዴ መልቀቅ ነው። ታች ያለውን ለእናቴ ዕቃ ቤቱን ቀንሰን ሻወር ጨመርንለት፤ በሩንም ወደ ኮሪደሩ አዞርነው። ላይ ያሉትን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ይጎበኛቸዋል። "አበቦችህን አጠጥቻለሁ" ብሎ ይጽፍልኛል።