ቁጥርን ከስኩዌር ሩቱ ጋር እንዴት እናወዳድራለን?

ከ0.25 እና ከ√0.25 የትኛው ይበልጣል? ስኩዌር ሩትን (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠውን፣ በምልክቱ √) በ4፣ በ9፣ በ16 እና በ100 የተማረ ሰው «ቁጥሩ ይበልጣል» ብሎ ለመመለስ አያመነታም፤ በእነዚያ ምሳሌዎች ሁሉ እንደዚያ ነበርና። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። √0.25 ማለት 0.5 ስለሆነ ሩቱ የቁጥሩን እጥፍ ያህላል። «ሩት ምንጊዜም ከቁጥሩ ያንሳል» የሚለው እምነት በጥቂት ምሳሌዎች የተተከለ ልማድ ነው፤ ከሥሩ ነቅለን በቦታው ምክንያቱን መትከል አለብን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። √ የሚለው ምልክት አሉታዊ ያልሆነውን ስኩዌር ሩት (ዳግም ዘር) ብቻ ያመለክታል። √9 እኩል ነው 3፤ −3 አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከ1 ጋር አስተያዩት

ቁጥሩ ከ1 የሚበልጥ ከሆነ ሩቱ ከቁጥሩ ያንሳል። በ0 እና በ1 መካከል ከሆነ ሩቱ ከቁጥሩ ይበልጣል። ቁጥሩ ራሱ 0 ወይም 1 ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከእነዚህ ከሁለቱ በስተቀር ከሩቱ ጋር የሚተካከል ቁጥር የለም።

ለምን? ቁጥሩ የሚገኘው ሩቱ በራሱ ሲባዛ ነው። ከ1 በሚበልጥ ቁጥር ማባዛት ያሳድጋል፤ ስለዚህ 5 በ5 ሲባዛ 25 ደረሰ። ከ1 በሚያንስ ቁጥር ማባዛት ግን ከፊሉን መውሰድ ማለት ነው። የግማሽ እንጀራ ግማሽ ሩብ እንጀራ ነው። ½ በ½ ተባዝቶ ¼ ሲሆን ያነሰው ውጤቱ እንጂ ሩቱ አይደለም። የዚህ ትምህርት እምብርት ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በአስርዮሽ ቁጥሮች ነው። √0.4 ስንት ነው ሲባል 0.2 የሚል መልስ ይቀናል። 0.2 በ0.2 ሲባዛ ግን 0.04 እንጂ 0.4 አይሆንም። መፍትሔው አስርዮሹን ታችኛው ቁጥር 100 ወደሆነ ክፍልፋይ መለወጥ ነው። 0.4 ማለት 40/100 ነው፤ √40 በ6 እና በ7 መካከል ስለሚውልና √100 ደግሞ 10 ስለሆነ √0.4 በ0.6 እና በ0.7 መካከል ይውላል። በእርግጥም ከ0.4 ይበልጣል።

በ0 እና በ1 መካከል ሩቱ ቁጥሩን እጅግ የሚበልጠው የት ላይ ነው? ልክ ¼ ላይ ነው፤ ብልጫውም ራሱ ¼ ነው። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። 0.81ን ብትወስዱ ሩቱ 0.9 ነውና ብልጫው 0.09 ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩ ከሌላ ቁጥር ሩት ጋር ሲቀርብ ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ

7 ይበልጣል ወይስ √50? 7 በ7 49 ነው፤ √50 በራሱ ሲባዛ 50 ይሆናል። ስለዚህ √50 ይበልጣል። 3√5 እና 2√11 ሲቀርቡም መንገዱ ያው ነው፤ የመጀመሪያው 9 በ5 ተባዝቶ 45፣ ሁለተኛው 4 በ11 ተባዝቶ 44 ይሰጣል። 3√5 በጥቂቱ ይበልጣል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች አሉታዊ ካልሆኑ ብቻ ነው። −7ን እና √10ን በየራሳቸው ብናባዛ 49 እና 10 እናገኛለን፤ ከዚህ ተነሥቶ −7 ይበልጣል ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱም አሉታዊ ሲሆኑ ደግሞ ውጤቱን ገልብጡት። 5 ከ√20 ስለሚበልጥ −5 ከ−√20 ያንሳል።

በእጃችሁ ያለ ነገር ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ኤ4 ወረቀት 297 በ210 ሚሊሜትር ነው። ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይለወጥ የርዝመቱና የወርዱ ንጽጽር √2 እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በትክክል √2 ነው? 297 በራሱ ሲባዛ 88,209 ይሆናል፤ 210√2 በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 210 በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ2 ሲባዛ፣ 88,200። እንግዲህ 297/210 ከ√2 በጥቂቱ ይበልጣል። የሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ √2ን በትክክል ሊገልጽ ስለማይችል ወረቀቱ በሚሊሜትር እስከተለካ ድረስ ይህ ልዩነት አይጠፋም። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ልዩነት ያለ ካልኩሌተር በሁለት ማባዛት ብቻ መለየቱ ለእኔ የሂሳብ ውበት ነው።

ደረጃ 3፦ ሩቱ ስንት እንደሆነ መገመት ሲያስፈልግ

የጥንቱ የሂሳብ ሊቅ የእስክንድርያው ሄሮን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። አንድ ግምት ውሰዱ፤ ቁጥሩን ለግምቱ አካፍሉ፤ ከዚያ የግምቱንና የድርሻውን አማካይ አስሉ። ግምታችሁ ከሩቱ ካነሰ ድርሻው ይበልጣል፤ ግምቱ ከበለጠ ድርሻው ያንሳል። ስለዚህ እውነተኛው ሩት ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ተይዟል።

150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ አራቱም ጎኖቹና አራቱም ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ የቤት መሥሪያ ቦታ አለ እንበል። አንዱ ጎን √150 ሜትር ነው። 12 ብለን እንገምት፤ 150 ለ12 ሲካፈል 12.5 ነው። አማካዩ 12.25 ይሆናል። 12.25 በራሱ ሲባዛ 150.0625 ስለሚደርስ ግምታችን ከእውነተኛው ሩት ያለፈው በጣም በጥቂቱ ነው። አራቱን ጎኖች ስንደምር 49 ሜትር እናገኛለን፤ እውነተኛው ዙሪያ ከዚህ የሚያንሰው በ1 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ 49 ሜትር አጥር ቦታውን ይከብበዋል።