ግድግዳ ላይ ጭቃ የምትለጥፈው ተርብ፦ ከመፋቃችሁ በፊት

ዕቃ ቤት ተሰቅሎ ወራት የቆየ ኮት ነበረኝ። አንድ ጠዋት ልለብሰው ሳወርደው አንዱ ኪሱ ከበደኝ። እጄን ስሰድ ድንጋይ የመሰለ ነገር ነካሁ። ሳወጣው የደረቀ ጭቃ ነው። አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት ክፍሎች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። አንዱ እጄ ላይ ተሰበረና ውስጡ ያለው መዳፌ ላይ ተዘረገፈ። ሸረሪት! ትንንሽ፣ እግራቸውን የሰበሰቡ፣ የማይንቀሳቀሱ ሸረሪቶች። ቆጠርኳቸው፤ 14 ናቸው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ገንዘብ ጠፍቶ ይሄ ተገኘ?» አለችኝ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳስበው ያስቀኛል። ፍሊት አንስቼ ዕቃ ቤቱን ጥግ በጥግ ነፋሁት። ሲያስለኝ ዋልኩ። ተርቧ ግን ያኔ እዚያ አልነበረችም። በማግስቱ መጥታ መስኮቱ ጥግ ላይ ሌላ ቤት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎጆ ፍቄያለሁ፤ ሳልነካ የተውኩትም አለ። የትኛው እንደሚፋቅና የትኛው እንደሚተው ለመወሰን መጀመሪያ የማን ቤት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማን ናት?

ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ብቸኛ ናት። ንግሥት የላትም፣ ሠራዊትም የላትም። ጭቃውን የምታመላልሰው፣ የምታድነው፣ የምትደፍነው አንዲት እናት ብቻዋን ናት። እኛ ምላሱ የሰላ ሰው ስናይ «ተርብ ነው» እንላለን። ይቺኛዋ ግን ስሟ አይመጥናትም። ካልያዟት ወይም ልብስ ውስጥ ገብታ ካልተጨፈለቀች በቀር ሰው መንደፍ ልማዷ አይደለም። ጎጆዋን ሲነኩባት እንኳ እንደ ሌሎቹ ተሰብስባ አትመጣም፤ ከማን ጋር ትሰብሰብ? ወንዱ ደግሞ ጭራሽ መንደፊያ የለውም።

ለመለየት ወገቧን እዩ። ደረቷንና ሆዷን የሚያገናኘው ክር የመሰለ ረጅም ዘንግ ነው። ስትበር እግሮቿ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። በብዛት የምትታየው ጥቁር ሆና ቢጫ ጣል ጣል ያለባት ናት። ብረት መሳይ ሰማያዊ የምታብለጨልጭም አለች። ይቺ ሰማያዊዋ ጉደኛ ናት። አዲስ ቤት ለመሥራት አትደክምም። ውሃ በአፏ ታመጣና የሌላዋን ጎጆ አርሳ ትከፍታለች። ውስጡ ያለውን አውጥታ ትጥላለች። የራሷን ሸረሪትና እንቁላል አስገብታ መልሳ ትደፍነዋለች። ኪራይ የለ፣ ውል የለ።

ጎጆው በሦስት ዓይነት መልክ ይመጣል። አንዱ ሰው ጭቃ ጨብጦ ግድግዳ ላይ የወረወረ የሚያስመስል እብጠት ነው። ሌላው ዋሽንት ጎን ለጎን የተደረደረ ይመስላል። ሦስተኛው የጣት ጫፍ የምታህል፣ አንገትና ከንፈር ያላት እንስራ ናት፤ ጭቃ ውስጥ ሳይሆን ሸክላ ሠሪ ቤት የተሠራች ነው የምትመስለው። እንስራ ሠሪዋ የሌላ ወገን ተርብ ስትሆን ጎጆዋን የምትሞላው በአባጨጓሬ ነው። ጓሮ አትክልት ያለው ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ጊዜ ካላችሁ ስትሠራ ቆማችሁ እዩአት። አተር የምታህል የጭቃ ድብልብል በመንጋጋዋ ይዛ ትመጣለች። ስትለጥፈው ሰውነቷን እያንቀጠቀጠች ዝዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። ድምፁ ሲቆም ጭቃው ቀለበት ሆኖ ተዘርግቷል። ትሄዳለች፣ ሌላ ይዛ ትመለሳለች። ጭቃውን ከተለያየ ቦታ ካመጣችው ሲደርቅ አንዱ ቀለበት ቀላ፣ አንዱ ግራጫ ይላል። የእኔዋ ኪስ ውስጥ የሠራችው ሦስት ቀለም ነበረው።

ክፍሉ ሲያልቅ ወደ አደን ትሄዳለች። ሸረሪቷን ነድፋ ታደነዝዛለች እንጂ አትገድላትም። ስለዚህ አይበሰብሱም። ክፍሉን ሞልታ አንዷ ላይ እንቁላል ትጥልና በጭቃ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ ትል የመሰለ እጭ ተፈልፍሎ ሸረሪቶቹን ይበላል፣ ድር ፈትሎ ይጠቀለላል። በመጨረሻ ተርብ ሆኖ ጭቃውን በጥርሱ ሰርስሮ ይወጣል። ሙቀት ካለ ይህ ሁሉ በሳምንታት ያልቃል። ብርድ ከገባ ግን እዚያው ውስጥ ተኝቶ ሙቀቱን ይጠብቃል።

ከእነዚህ ጋር አታምታቱ

ግራጫ ወረቀት የመሰለ፣ እንደ ማር እንጀራ ክፍት ዓይኖች ያሉት፣ በአንድ እግር የተንጠለጠለ ጎጆ ካያችሁ ጭቃ አይደለም። ላዩ ላይ ብዙ ተርቦች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እነዚህ ጎጆአቸውን ይከላከላሉ፤ ደጋግመውም ይነድፋሉ። ድንጋይ መወርወር፣ እሳት ማስጠጋት የለም። ቀስ ብላችሁ ራቁ፤ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ከሆነ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።

ከዚህ የባሰው ስህተት ምስጥን ተርብ ማለት ነው። ጎረቤቴ ግድግዳው ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር እያየ «የእነዚያ ተርቦች ሥራ ነው» እያለ በመጥረጊያ ያራግፍ ነበር። አንድ ቀን የበሩን መቃን በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ። የተርብ ጭቃ ባለበት ቦታ የሚቆም እብጠት ነው። የምስጥ ጭቃ ግን ከመሬት ተነስቶ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ይዞ ወደ ላይ የሚሄድ፣ የሚቀጥል መንገድ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ስበሩት። ነጣ ያሉ ነፍሳት ሲራወጡ ካያችሁ ጭቃ መፋቅ ምንም አይፈታም፤ ዛሬውኑ የምስጥ ባለሙያ ጥሩ።

ልፋቅ ወይስ ልተወው?

ጎጆው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ባለቤቶቹ ወጥተው ሄደዋል። ሳትፈሩ ፋቁት። ብትተዉት ደግሞ ሌሎች ነፍሳትና ያቺ ሰማያዊዋ ይገቡበታል። ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ እጭ አለ ማለት ነው። ከፍ ብሎ ማንንም የማይነካ ቦታ ላይ ከሆነ እኔ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ሸረሪት ትቀንስልኛለች፣ እኔ ጭቃ እታገሣለሁ። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። ሳሎን ውስጥ ከሆነ ግን እኔም አልጠብቅም።

ፍሊት መንፋት ከንቱ ልፋት ነው። የተደፈነ ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ እናቲቱ ደግሞ ውጭ ናት። ኮቴ የከፈለውን ዋጋ እኔ አውቃለሁ፤ ሽታው ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም።

ስትፋቁ ማለዳ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሲል ጀምሩ። እናቲቱ በአካባቢው ካለች እስክትሄድ ጠብቁ። ጓንት አድርጉ፤ ከራስ በላይ ከሆነ መነጽርም። ይህን የምለው ለንድፊያው ሳይሆን ለአፈሩ ነው፤ ዓይን ውስጥ የገባ የደረቀ ጭቃ ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል።

ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ውሃ አታድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚሳሳተው። የረጠበ ጭቃ ይሰራጭና ቀለሙ ውስጥ ይገባል። በደረቁ፣ የቀለም ቀቢ ስፓቱላ ከግድግዳው ጋር አጋድማችሁ ከሥር ግፉት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁራጭ ተላቅቆ ይወድቃል። ከሥሩ ከረጢት ያዙ፤ ሸረሪት ሲዘንብ ማየት የማይወድ ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም። የቀረውን ቀለበት በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ በኋላ ነው እርጥብ ስፖንጅ። እንጨት ከሆነ የፕላስቲክ መፋቂያ ይሻላል። መኪና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በደረቁ ከፋቃችሁት አሸዋው ቀለሙን ይቧጭራል። ስለዚህ በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ አስቀምጡና ሲላላ አንሱት።

አትጠብቁ የምልባቸው ቦታዎች

ይቺ ተርብ ቀዳዳ ትወዳለች። ግድግዳ ላይ ያለው ጎጆ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ግን አደጋ ይሆናል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳ ቦይንግ 757 አውሮፕላን ባሕር ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 189 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። የዋና አብራሪውን የፍጥነት መለኪያ የሚያሠራው ቀጭን ቱቦ ተደፍኖ ነበር። አውሮፕላኑ ለቀናት ቆሞ በነበረበት ጊዜ የቱቦው መሸፈኛ አልተደረገለትም። መርማሪዎቹ የደፈነው ጭቃ ሠሪ ተርብ ሳትሆን እንደማትቀር ጠረጠሩ።

እኛ ቤት አውሮፕላን የለም፤ ቱቦ ግን ሞልቷል። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ካላችሁ፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ፣ ከመለኮሳችሁ በፊት ጭስ ማውጫውንና አየር መግቢያውን እዩ። ጭቃ ካለ አትለኩሱ፣ በሽቦም አትጎርጉሩ፤ ባለሙያ ይክፈተው። የተደፈነ ጭስ ማውጫ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ቤት ይመልሳል። ሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ከገባችም ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ፍሊት እዚያ መንፋት ደግሞ ሌላ እሳት መጥራት ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ መውጫና የአትክልት ጎማ ጫፍ ቀላል ናቸው፤ ራሳችሁ ታጸዷቸዋላችሁ።

ከነደፈች

ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። እጅ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበት አውልቁ። እንደ ንብ መርፌዋን ቆዳ ውስጥ ጥላ አትሄድምና ፍለጋ አትድከሙ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ገላ ሁሉ ከተንደበደበ ወይም ራስ ካዞረ ግን «ያልፋል» አይባልም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና። ሐኪም ያዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ ያለው ሰው በመንገድ ሳይሆን እዚያው ይወጋ።

እንዳትመለስ

ሁለት ነገር ፈልጋ ነው የመጣችው፦ ጭቃና ሸረሪት። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ሥሩ ያለው እርጥብ አፈር የግንባታ ዕቃ መደብሯ ነው፤ ቧንቧውን አሠሩ። የውጭ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ነፍሳት ይሰበስባል፣ ነፍሳቱ ሸረሪት ይጠራሉ፣ ሸረሪቱ እሷን። ማጥፋት ካልተቻለ ነጩን አምፖል በቢጫ ቀይሩት። ከጣራ ጠርዝ ሥር ያለውን ድር በረጅም መጥረጊያ ጥረጉ። ስንጥቆችን በሲሊኮን ድፈኑ። ኮርኒስ ውስጥ የሚያስገባ የአየር ቀዳዳ ካለ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት አድርጉበት። የጋዝ ጭስ ማውጫ ላይ ግን በራሳችሁ ፈቃድ ወንፊት አትሥሩ።

ከሁሉም የሚሠራው መጀመሪያዋ ላይ መድረስ ነው። ያቺ መስኮት ጥግ የጀመረችው የእኔዋ፣ ፍሊቱ አልበገራት ሲል በእርጥብ ጨርቅ ቀየርኩ። የመጀመሪያው ቀለበት ሳይደርቅ ጠረግሁት። ተመለሰች፤ ጠረግሁ። ለአራት ቀን እንዲህ ተፋጠጥን። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጨርቄን ይዤ ቆምኩ፤ አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ጋራዥ በር ላይ ዝዝዝ ሲል ሰማሁና ድምፄን አጥፍቼ ገባሁ።