ከዲሲ ኦሽን ሲቲ በኤሌክትሪክ መኪና፦ ቻርጁን የት፣ መቼና እንዴት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብትነሱ ወይም ከአሌክሳንድሪያ፣ የሜሪላንዷ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦሽን ሲቲ 150 ማይል ገደማ ናት። መንገዱ ከቀና ሦስት ሰዓት አይፈጅም። አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኧረ እደርሳለሁ ወይ?" ነው። ትደርሳላችሁ። የዛሬዎቹ መኪኖች አብዛኞቹ በአንድ ሙሉ ቻርጅ ያደርሳሉ።

ጣጣው የሚመጣው ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ኦሽን ሲቲ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው ወደ 7 ሺህ ነው፣ በሰመር ቅዳሜና እሁድ ግን ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይገባባታል። እንኳን ቻርጀር ፓርኪንግም ጠፍቶ ሰው ሲዞር ይውላል። ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው። እዚያ ደርሼ ቻርጅ አደርጋለሁ ብላችሁ አትውጡ። ወይ መንገዳችሁ ላይ ባለችው ከተማ በሳሊስበሪ ጨርሱት፣ ወይ ስትተኙ ይሙላ።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ

መኪናውን 100 ፐርሰንት ሙሉት። በአዘቦት ቀን ከ80 አትለፉ የሚባለው ለባትሪው ዕድሜ ነው፣ ለጉዞ ቀን ግን ምንም አይሆንም። ብቻ ሞልቶ ለቀናት እንዳይቆም፣ ልትነሱ ስትሉ እንዲጨርስ ሰዓቱን መኪናው ላይ ሙሉለት። አፓርታማ የምትኖሩና ቤት ቻርጀር የሌላችሁ ደግሞ ዋዜማውን ገበያ ስትወጡ ወይም ጂም ስትሄዱ ሰክታችሁ ግቡ። ጠዋት ልጆች ጭናችሁ ቻርጀር ፍለጋ መዞር ቀኑን ያበላሻል።

ስልካችሁ ላይ ፕለግሼር የሚባለውን አፕ ጫኑ። የትኛው ጣቢያ ይሰራል፣ የትኛው ተበላሽቷል የሚለውን እዚያ የሚጽፉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት አስተያየቶች ሳታነቡ ወደ የትም አትሂዱ። የቻርጅ ድርጅቶቹን አፕም ጫኑና ካርዳችሁን ቤት ሆናችሁ አስገቡ። ኔትወርክ በሌለበት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከኋላ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ የካርድ ቁጥር መጻፍ አያድርስ ነው።

መኪናችሁ ቴስላ ካልሆነ፣ በቴስላ ቻርጀር ለመሰካት የሚያስችለውን የአዳፕተር ነገር አስቡበት። ከ2024 ጀምሮ ብዙ የቴስላ ጣቢያዎች ለፎርድ፣ ለጂኤም፣ ለሌሎችም ተከፍተዋል። ሁሉም ግን አይደሉም፣ የቆዩት ቴስላን ብቻ ነው የሚያስተናግዱት። አዳፕተሩን ከመኪናው አምራች ግዙ፤ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት። የድሮ ኒሳን ሊፍ ያላችሁ ደግሞ ቻደሞ የሚባለው መሰኪያ ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ስለሆነ፣ የሚሰራ መኖሩን ሳታረጋግጡ ከቤት አትውጡ።

ሂሳቡን አንዴ ሥሩት

75 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና እንውሰድ። በሃይዌይ ፍጥነት፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3 ማይል ከምናምን ይሄዳል እንበል። 145 ማይል ስትነዱ ከባትሪው 60 ፐርሰንት ገደማ ይበላል። ስለዚህ በ40 ገደማ ትደርሳላችሁ። ለመመለስ ግን 60 ያስፈልጋል። ለከተማ ውስጡ ጥቂት፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 15 ፐርሰንት ያህል ጨምሩ። የሚጎድለው 40 ፐርሰንት ገደማ ነው። በቃ፣ የጉዞው የቻርጅ ጥያቄ በሙሉ ይኸው ነው።

ጣሪያ ላይ ሻንጣ ወይም ብስክሌት የሚጭን ሰው ከዚህ የባሰ ይጠብቅ። ንፋስም ይበላል። ከፍጥነት የባሰ የሚበላ ግን የለም፤ ከ75 ወደ 65 ዝቅ ብትሉ ፐርሰንቱ ላይ ራሱ ይታያችኋል። ደግሞም ከቤይ ብሪጅ ድልድይ ወዲያ ብዙው ቦታ የፍጥነት ገደቡ 55 ነው፣ ፖሊስም አይጠፋም።

መንገዱ

ሩት 50 ምሥራቅ ነው፣ መጥፋት አይቻልም። አናፖሊስን አልፋችሁ ቤይ ብሪጅ ላይ ትወጣላችሁ። 4 ማይል ከምናምን የሚረዝም፣ ከፍ ያለ፣ ዳር መቆሚያ ትከሻ የሌለው ድልድይ ነው። የመጀመሪያው በ1952 ተከፈተ፣ ሁለተኛው አጠገቡ በ1973። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ አትሳቁበት፣ በክፍያ መኪናችሁን ነድተው የሚያሻግሩ ሰዎች ሁሉ አሉ። ክፍያው ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ስትመለሱ የለም። ገንዘብ ተቀባይ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ የሜሪላንድ ኢዚ ፓስ (መኪናው ላይ የሚለጠፍ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ያለው ከሁሉ ያነሰ ይከፍላል።

ዓርብ ከሥራ በኋላ መውጣት ግን ራስን መቅጣት ነው። ወይ ጎህ ሳይቀድ ውጡ፣ ወይ ማታ ሰው ከገባ በኋላ። ከዚያ ኬንት አይላንድ፣ ኢስተን፣ ኬምብሪጅ፣ ሳሊስበሪ።

ሳሊስበሪ ላይ ቁሙ

ከሳሊስበሪ ኦሽን ሲቲ 30 ማይል ብቻ ነው። ለቻርጅ ልኩ ቦታ ይኼ ነው። እዚህ ስትደርሱ ባትሪው 50 አካባቢ ላይ ነው፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ 20 ደቂቃ ብትቆሙ 80 ይጠጋል።

ጣቢያውን መኪናው ናቪጌሽን ላይ አስገብታችሁ ንዱ። ብዙ መኪና ወደ ፈጣን ቻርጀር እየሄደ መሆኑን ሲያውቅ ባትሪውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፣ ያኔ ቶሎ ይሞላል። ስትደርሱ ደግሞ አጠገቡ ሰው የሌለበትን ቻርጀር ምረጡ። አንዳንዱ ጣቢያ ጎን ለጎን ላሉ ሁለት መኪኖች ኃይሉን ስለሚያካፍል፣ ጎረቤት ካላችሁ የእናንተ ፍጥነት ይወርዳል።

አሰካኩ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ገመዱ ወፍራምና ከባድ ነው፣ በውስጡ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዞርበትም አለ። ሰክታችሁ ከለቀቃችሁት በክብደቱ ወደ ታች ይጎትተውና መሰኪያው ሳይገጥም ይቀራል። ስለዚህ በአንድ እጅ መሰኪያውን ግፉ፣ በሌላው ገመዱን ከሥር ደግፉ፣ "ቀጭ" የሚል ድምፅ እስክትሰሙ አትልቀቁ። ከዚያም መኪናውና ቻርጀሩ ጥቂት ሰከንድ ይነጋገራሉ። ስክሪኑ ላይ የኪሎዋት ቁጥር ወጥቶ ሲያድግ ካያችሁ፣ ሽንት ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ሁለቴ ሞክራችሁ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ወደሚቀጥለው ቻርጀር ተጠጉ።

80 ላይ ንቀሉ። ባትሪ አሞላሉ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ መጀመሪያ የገባው ሰው ባገኘው ወንበር ቶሎ ይቀመጣል፣ መጨረሻ ላይ ግን "ጠጋ ጠጋ በሉ" እየተባለ ነው። የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ከዚያ በፊት የጠበቃችሁትን ያህል ልትፈጅ ትችላለች። ከኋላ ሰው ይጠብቃል። ሞልቶ ቦታ ይዞ ለቆመ መኪና በደቂቃ የሚያስከፍሉም አሉ።

ከተማው ውስጥ

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ። ድረ ገጹ ላይ "ቻርጀር አለን" ቢልም መቶ ክፍል ላለው ሆቴል ሁለት መሰኪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስንት መሰኪያ እንዳለ፣ እንግዳ ይከፍል እንደሆነ፣ በቀጠሮ ይሁን መጀመሪያ ለመጣ፣ ጠይቁ። ማታ ሰክቶ ጠዋት ሞልቶ ማግኘት የመሰለ ነገር የለም።

ኮንዶ ወይም ቤት የምትከራዩ ከሆነ ተራ የግድግዳ ሶኬትም አይናቅም። በሰዓት 3 ወይም 4 ማይል ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ግን ከምሽት እስከ ጠዋት 40 ማይል ይሆናል። ለመመለሻው የጎደለችውን ይሸፍናል። ባለቤቱን ሳትጠይቁ ግን አትሰኩ፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍለው እሱ ነው። ከበረንዳ የወረደ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም በጭራሽ፣ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል።

መኪናው አንዴ ከቆመ ይቁም። ኮስታል ሃይዌይ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚመላለስ አውቶቡስ አለ፣ ቦርድዎክ ወደሚባለው የባሕር ዳር የእንጨት መራመጃ የሚወስዳችሁም እሱ ነው። እዚያ ስትደርሱ ከ1929 ጀምሮ የሚሸጠውን የትራሸርስ ድንች ጥብስ በኮምጣጤ ሞክሩት። ኬቸፕ አይሰጧችሁም፣ አትከራከሩ።

በአሸዋ እጅ ቻርጅ መሰኪያውን አትንኩ። አሸዋ ከገባበት እፍ በሉት፣ በብረት አትቆርቁሩት። ሌላው ከባድ ነገር ውሃ ነው። በወዲያኛው፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ያሉት መንገዶች ዝናብና ማዕበል ሲገጥሙ ይጥለቀለቃሉ። ጨው ውሃ ውስጥ አትንዱ። በ2022 ፍሎሪዳ ላይ ከሀሪኬን ኢያን በኋላ ጨው ውሃ የተነከሩ አንዳንድ ኤሌክትሪክ መኪኖች ውሃው ከሸሸ በኋላ በእሳት ተያይዘዋል። ቤት ስትመለሱም ከሥር በኩል በደንብ አሳጥቡት።

መመለሻው

እሁድ ሆቴሉ ሁሉንም እንግዳ በአንድ ሰዓት ነው የሚያስወጣው፣ ሁሉም ደግሞ ሳሊስበሪ ላይ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። እናንተ በጠዋት ውጡ፣ ወይም እስከ ማታ ዋኙ። በነገራችን ላይ ከከተማው ስትወጡ "ሳክራመንቶ 3073" የሚል ምልክት ታያላችሁ። እውነት ነው፣ ሩት 50 እስከ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። ልጆቹን "እዚያ ድረስ ስንቴ ቻርጅ እናደርጋለን?" ብላችሁ ሂሳብ ስጧቸው።

ቤይ ብሪጅ ጋ ሰልፍ ከያዛችሁ ደግሞ ባትሪ ያልቃል ብላችሁ ኤሲውን አትዝጉ። ቆሞ ኤሲ የሚሰራ መኪና በሰዓት 1 ወይም 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ነው፣ ከባትሪው ሦስት ፐርሰንት አይሞላም። ልጆቹ ይቀዝቅዙ።